በምረቃችን ቀን የገባው እንቁላል

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በነቢያት ጾም፣ ሞጣ ላይ አዲሱን የቡናና የዶናት ቤታችንን በከፈትንበት እሁድ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል። ነገር ግን ያን ቀን አንዲት ሴት ባይኖሩ ኖሮ ቤቱ በተከፈተበት ዕለት ይዘጋ ነበር ብል አላጋነንኩም። ስለዚህ አልረሳውም፤ መርሳትም አልፈልግም።

ተወልጄ ያደግኩት ብቸና ነው። ባሕር ዳር ተምሬ እዚያው አንድ የቡናና የዶናት ድርጅት ውስጥ በአስተናጋጅነት ተቀጠርኩ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ድርጅቱ ቅርንጫፍ ማስፋፋት ሲጀምር ብቸና ይከፈት ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። አለቆቼ "ብቸና ማን ዶናት ይበላል?" ብለው ስቀውብኝ ነበር። ቤቱ ሲከፈት ግን መምህሩም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ከመናኸሪያ የሚወርደው መንገደኛም ለመደው። የብቸና ሰው ዶናቱን "ቀዳዳው ቦምቦሊኖ" ብሎ ስም አወጣለት፤ እኔም ስሙን ወድጄው ሰሌዳ ላይ አስጻፍኩት። ገበያው ደራ። ሞጣንም አንቺው ክፈቺ ሲሉኝ አላመነታሁም።

ሞጣ የተከራየነው ቤት ሰው ከጊዮርጊስ ሲመለስ የሚያልፍበት ጥግ ላይ ነው። ቦታው ልክ እኔ የምፈልገው ዓይነት ነበር። ችግሩ፣ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊታችን አንዲት ሴት ለዓመታት ቦምቦሊኖ ይጠብሳሉ። እትዬ ትርንጎ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ መጥበሻ እንደሆነ ሰፈርተኛው ነግሮኛል።

ቤቱን በምናድስበት ሰሞን ጠዋት ጠዋት "እንደምን አደሩ፣ እትዬ?" እላቸዋለሁ። ቀና ብለው ያዩኝና "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ወደ ዘይታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም። አልፈረድኩባቸውም። ባለመስታወት ቤት ፊቴ መጥቶ ቢገተርብኝ እኔንም ደስ አይለኝም።

ዋናው መሥሪያ ቤት ምረቃው ከጾሙ በኋላ ይሁን ብሎ ነበር። እኔ እንቢ አልኩ። የጾም ዶናት ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ውሃና ጨው ነው፤ እንቁላልና ወተት አይነካውም። በጾም የለመደ ደንበኛ በፍስክ አይጠፋም ብዬ አሳመንኳቸው። ቀኑም እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ እንዲሆን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

እሁድ ማለዳ ሊጡን በገዛ እጄ አቦካሁት። አዲስ የቀጠርናቸው የሞጣ ልጃገረዶች ፊኛ ሰቀሉ፣ ወንበር ደረደሩ። የቀረን ከብቸና የሚመጣው ዕቃ ብቻ ነው፤ የወረቀት ኩባያ፣ ማሸጊያና ስኳር። እሱን የሚያመጣው ሹፌራችን ሙሉቀን ነው። ሙሉቀን ማልዶ መድረስ ሲገባው ግንደወይን አካባቢ ጎማ ፈንድቶበት ዘገየ። ፒካፑን ከበራችን ፊት ሲያቆም ልክ ቅዳሴ ወጣ። መንገዱ በነጠላ ነጭ ሆነ።

"ቶሎ አውርዱልኝ፤ የቀየርኩት ትርፍ ጎማም እየተነፈሰ ነው። ጎሚስታው ሳይሄድ ልድረስበት" ብሎ አጣደፋቸው። ልጆቹም ያገኙትን ሁሉ አወረዱ፤ እሱም መኪናውን ይዞ ሄደ። እኔ በዚያን ጊዜ ጓዳ ሆኜ የመጀመሪያውን ዶናት ከዘይት እያወጣሁ ነበር።

ዞር ስል አንዷ ልጅ የሆነ ነገር አቅፋ ገባች። እንቁላል ነው። በወረቀት ማስቀመጫው ላይ ተደራርቦ በገመድ የታሰረ ብዙ እንቁላል። ሌላዋም ተከትላት ሌላ እስር ይዛ ገባች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩ።

"ከመኪናው የወረደ ነው፤ የእኛ መስሎን ነው።"

"በየት በኩል አስገባችሁት?"

"በፊት ለፊት።"

እንቁላል እኛ አላዘዝንም። የማን እንደሆነ አላውቅም። ሙሉቀን ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ብቸና ወጥ ቤት ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም።

ወደ ውጭ ስወጣ ሰዉ በሩ ላይ ቆሟል፤ የሚገባ ግን የለም። ቀድመው የተቀመጡት እንኳ ተነሥተው እየወጡ ነው። "በዓይኔ አይቻለሁ፣ ተሸክመው ሲያስገቡ" ትላለች አንዷ። "የጾም ነው እያሉ ሊያስገድፉን" ይላል ሌላው። ከመንገዱ ማዶ፣ እትዬ ትርንጎ ዘንድ፣ ሰው መሰለፍ ጀመረ።

መቋሚያ የያዙ አንድ ሽማግሌ ወደ ፊት ወጡ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እኔን የከበደኝም እሱ ነው።

"ልጄ፣ እንቁላል ሲገባ ሁላችንም አይተናል። ለምን ገባ?"

"አባቴ፣ ሊጡን ያቦካሁት እኔው ነኝ፤ እንቁላል የለበትም። እንቁላሉ ግን የማን እንደሆነ አላውቅም። ሹፌሩ ሲመለስ ጠይቄ እነግርዎታለሁ።"

"ቤትሽ የገባውን አታውቂም?"

ሰዉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ፤ ግን የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልምልም። በዚህ መሃል አለቃዬ ከአዲስ አበባ ደወለና ምረቃው እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። "ታዲያ ምን ችግር አለው? በነፃ አድዪ!" አለኝ። "ጾሜን ያስገድፈኛል ብሎ ለፈራ ሰው በነፃ መስጠት ስድብ ነው" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ሙሉቀን ተመልሶ መጣ። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ፊቱ በራ። "ኧረ እንዴት ደምቋል!" አለ።

"እንቁላሉ የማን ነው?" ብዬ ጮህኩበት።

"የእህቴ ነዋ። አራስ ናት። እናቴ ናት ከብቸና የላከችላት። ምነው፣ ተሰበረ እንዴ?"

አራስ አትጾምም። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር። እኔ ተነፈስኩ፤ ሰዉ ግን አላመነም። "አሁን ደግሞ አራስ ፈጠሩልን!" አለ አንዱ ጎረምሳ፤ ሰዉ አውካካ። ሙሉቀን ሊማታ ሲል ያዝኩት።

በዚህን ጊዜ እትዬ ትርንጎ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መንገዱን ተሻገሩ። ሰዉ አሳለፋቸው። አለቀልኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የእኔ መውደቅ የሚጠቅመው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። መናገር እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ዝም ቢሉ ገበያው በሙሉ የእሳቸው ነው።

ወደ ሙሉቀን ዞሩ። "እህትህ ማን ትባላለች?"

"የሻረግ።"

"ቤቷ የት ነው?"

"ከጤና ጣቢያው ጀርባ።"

"መውለዷን አልሰማሁም" አሉ። "ካልሰማሁ ሄጄ አያለሁ። አምጡት እንቁላሉን።"

"እትዬ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ ልጆቹ ያድርሱት" አልኩ።

"ያንቺ ልጆች ቢወስዱት ማን ያምናል? እኔ ላንቺ ብዬ እንደማልዋሽ ግን ሞጣ በሙሉ ያውቃል።"

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። አንዱን እስር ተሸከሙ፤ ሌላውን ሙሉቀን ያዘ። ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው ወደ መጥበሻቸው አመለከቱኝ።

"ዘይቴ እሳት ላይ ነው። አንቺ ጠብቂልኝ።"

"እኔ?"

"መጥበስ ታውቂ የለም? ወይስ ያለ ማሽን አትችይም?"

የድርጅቱን ሸሚዝና ኮፍያ እንደለበስኩ ተሻግሬ በእትዬ ትርንጎ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ሴቶች "እኛም እንይ" ብለው አራሷ ቤት ድረስ ተከተሏቸው። የቀረው ሰው ደግሞ እኔን ለማየት መንገዱን ተሻገረ።

እሳቱን ስላላወቅኩት የመጀመሪያዎቹ ጠቆሩብኝ። "አቃጠልሽው! እትዬ ትርንጎ እንዲህ አያደርጉም!" ብላ አንዷ ደንበኛ ጮኸች። እንጨቱን ወደ ውጭ ሳብ አደረግኩና ቀጠልኩ። ሊጡን እየቆነጠርኩ፣ እያድቦለቦልኩ፣ ዘይት ውስጥ እየጣልኩ፣ እያገላበጥኩ አወጣሁ። ቀስ በቀስ ቀለሙ መጣልኝ። ሰውም "ለኔም፣ ለኔም" ማለት ጀመረ።

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደግፈው እጄን ሲያዩ ቆዩና፣ "የእናንተም ሊጥ እንደዚህ ነው?" አሉኝ።

"እንደዚሁ ነው፣ አባቴ። እኛ መሃሉን እንበሳዋለን እንጂ።"

"ለምን ትበሱታላችሁ?"

"ውስጡ ጥሬ እንዳይቀር ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ማመናቸውን ግን አላወቅኩም።

እትዬ ትርንጎ ሲመለሱ ላብ በላብ ሆነዋል። የተከተሏቸው ሴቶች ቀድመው "እውነት ነው፣ እውነት ነው" ይላሉ። እሳቸው ግን ሰዉ ዝም እስኪል ጠበቁ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለናት መጣን። የወለደችው ሴት ነው። እንቁላሉንም ለአማቷ በእጃቸው ሰጥተናል። የዚች ልጅ ሊጥ ውስጥ ያለውን ግን ገና አላየሁም" አሉና ቀጥ ብለው ወደ ጓዳችን ገቡ።

ተከትያቸው ገባሁ። ክዳኑን ሁሉ ከፈቱ። የዱቄቱን ጆንያ አዩ፣ ዘይቱን አሸተቱ፣ ከሊጡ ቆንጥረው በጣታቸው አሹት፣ ቀመሱት። ከዚያ ከትሪው ላይ አንድ ዶናት አንሥተው ወደ በሩ ወጡና ሰዉ ሁሉ እያያቸው ገመጡት። አላመጡ። ዋጡ።

"ስኳሩ በዝቷል" አሉ ጮክ ብለው። "የጾም ግን ነው።"

ሳቁ እስከ ጊዮርጊስ ሳይሰማ አልቀረም። ሰው መግባት ጀመረ። ሁሉም አልገባም፤ ተጠራጥሮ ወደ ቤቱ የሄደም ብዙ ነው። ሽማግሌው "እኔ ለዛሬ ቡናውን ብቻ እጠጣለሁ" ብለው ተቀመጡ። እኔው ራሴ ቀዳሁላቸው። በሚቀጥለው እሁድ ተመልሰው መጡና አንድ ዶናት በሉ። ደገሙም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሲሳሳ ወደ እትዬ ትርንጎ ተሻገርኩ። ያቃጠልኳቸውን ለይተው ወደ ጎን አስቀምጠዋቸው ነበር።

"እትዬ፣ ለምን እንዲህ አደረጉ? ዝም ቢሉ እኮ ገበያው የእርስዎ ነበር።"

እጃቸውን ሳያቆሙ መለሱልኝ። "አንቺን ፈርቶ ወደ እኔ የመጣ ሰው፣ የኔን ቦምቦሊኖ ወዶ የመጣ አይደለም። እንዲህ ያለ ገበያ አልፈልግም። ልታሸንፊኝ ከመጣሽ በመጥበስ አሸንፊኝ።"

ያኔ ልቤ ሞልቶ ነበርና፣ ቦምቦሊኗቸውን እኛ ቤት፣ በእኛ ስም፣ መስታወት ውስጥ ደርድረው እንዲሸጡ ለመንኳቸው። ከመጣሁ ጀምሮ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ሳቁ።

"እኔ የማንም ቅርንጫፍ አልሆንም" አሉ።

አልሆኑምም። ይኸው እስከ ዛሬ ፊት ለፊት እንሸጣለን። ከእሳቸው ትኩስ ቦምቦሊኖ ገዝቶ ከእኛ ቡና ሊጠጣ የሚሻገር ሰው አለ፤ አልከለክልም። አለቆቼ ሰምተው ሲቆጡ "ቡናውን የሸጥኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። አንዳንድ ጠዋት የእሳቸው ሰልፍ ከእኔ ይረዝማል። እንዲያ ያለ ቀን ከማንም በፊት ወደ ጓዳ ገብቼ የራሴን ሊጥ አያለሁ።

አሁን ድርጅቱ ግንደወይንንና የጁቤን እያየ ነው። ሰሞኑን አለቃዬ "እዚያስ ተፎካካሪ አለ ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። "እንዲኖር እጸልያለሁ" አልኩት። የቀለድኩ መሰለው፤ አልቀለድኩም። የትኛውም ከተማ ብንገባ መሥራት እንደምንችል አልጠራጠርም። ሥራዬን አውቀዋለሁ። ግን ሥራ ማወቅ ብቻውን ያን እሁድ አላተረፈኝም።

ብቸና ለበዓል ስገባ ዘመዶቼ ያዝኑልኛል። ከአገርሽ ርቀሽ፣ ከማታውቂው ሰው መሃል ይሉኛል። "ለመሆኑ ሞጣ ማን አለሽ?" ብለው ይጠይቁኛል።

"እትዬ ትርንጎ አሉኝ" እላቸዋለሁ።