ገላጋይ የበዛበት ኳስ

ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ዩኒቨርሲቲያችን ንብረት ክፍል ውስጥ አንድ ሣጥን ተረከብኩ። ስከፍተው አራት ኳስ፤ አራቱም ሁለት ጫፋቸው የሾለ። «በጉዞ የተጣመመ» ብዬ መዘገብኩና የብልሽት ኮሚቴ ጠራሁ። አንዱ የኮሚቴ አባል ሊያቃናው ግማሽ ቀን ተቀመጠበት።

አሠልጣኙ መምህር አንዳርጌ እየሮጠ መጣ።

«ጋሽ ስማቸው፣ አሜሪካኖች እንዲህ አድርገው ነው የሚሠሩት። በእጅ ታቅፎ ለሚሮጥበት ለአሜሪካ እግር ኳስ፣ ለአዲሱ ቡድናችን ነው።»

«ቀድመህ አትነግረንም? ሰውዬው ወገቡን ያዘው እኮ።»

የቡድናችን ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ወገብ ነው።

ጠመኔና መጥረጊያ ከማደል ተነሥቼ የቡድኑ ዕቃ ያዥ ሆንኩ። በየልምምዱ ሄልሜትና የትከሻ መከላከያ በሞዴል 22 ደረሰኝ ወጪ አደርጋለሁ፤ ማታ ቆጥሬ እመልሳለሁ። ጠፍሩ ሲበጠስ ቡሬ ያለ ኮርቻ ሰፊ ይጠግንልኛል። አንድ ቀን መከላከያውን ለብሼ ፍኖተ ሰላም ልሄድ ብል፣ የአውቶብሱ ረዳት «ወይ አንተ ውረድ፣ ወይ ሕዝቡ ይውረድ» አለኝ።

ከዓመታት በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንቷ አስጠሩኝ። ቡድኑ እስከዚያ ድረስ ከራሱ ጋር ብቻ ነበር የሚጋጠመው።

«ቅዳሜ እንግዳ ቡድን ይመጣል። አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ሲጫወቱ ልይ። ካልሆነ ቡድኑ ይፈርሳል፣ እርስዎም ጠመኔና መጥረጊያ ወደ ማደል ይመለሳሉ።»

ከአራቱ ኳሶች ነፍስ ያላት አንዷ ብቻ ነበረች። ቅዳሜ እሷን ይዤ፣ ከአጥር ውጭ የገበያ መንገድ ዳር ወዳለው ሜዳ ወጣን።

ፊሽካ ተነፋ። አምበላችን ይርዳው ኳሷን አቅፎ ሮጠ፤ አምስት ሰው ተከመረበት። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ሸክሙን ጥሎ ሜዳ ገባ። በእኛ አገር ሰው ተያይዞ እያዩ ሳይገላግሉ ማለፍ ነውር ነው፤ እስከ ልጅ ልጅ ይወራል።

አባ መርሻ፣ የደብሩ ቄስ፣ መቋሚያቸውን በመሃል ሰደዱ። «በሥላሴ ይዣችኋለሁ። ተነሡ፣ ተሳሳሙ።»

ተሳሳሙ። ዳኛው እንደገና አስጀመረ፤ እንደገና ተከመሩ፤ እንደገና ተገላገሉ። በአራተኛው ይርዳው የተጋጣሚን ቡድን በሙሉ ስሞ ጨርሷል። አንዲት እማሆይም የጠቡ መነሻ ይቺ ናት ብለው ኳሷን በነጠላቸው ሸሽገው መንገድ ጀመሩ።

ምክትል ፕሬዚዳንቷ ሰዓታቸውን አዩ። የጠመኔው ሽታ አፍንጫዬ ስር መጣ።

«ልጆቹ ምን ተካክደው ነው?» አሉኝ አባ መርሻ።

ሌላ የምለው ጠፋኝ። «በመሬት ነው፣ አባ። አንዱ የሌላውን ድንበር ይገፋል። አሥር ያርድ፣ አሥር እርምጃ ያህል፣ ከገፋ ደግሞ ሌላ ዕድል ይጨመርለታል።»

ከአባ ጋር ሊገላግሉ የገቡት ሽማግሌዎች ተያዩ። ይህማ የሚያውቁት ነገር ነው።

አሥሩ ያርድ የሚለካበትን ሰንሰለት ከነእንጨቱ ለአባ መርሻ አስረከብኩ። «ድንበሩን አንቱ ይያዙልን። ለክተው ይፍረዱ። ሲወድቁ ግን አይግቡ፤ እየተሟገቱ ነው።»

«ምስክርስ?»

«ገበያተኛው ሁሉ።»

አባ መርሻ ወደ መንገዱ ዞሩ። «እማሆይ፣ መሬቱ እስኪለካ ድረስ ዕቃቸውን ይመልሱላቸው።»

ኳሷ ተመለሰች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው በመስመሩ ዳር ተደረደሩ፤ ገበያተኛውም ከኋላቸው ቆመ። አንድ ጊዜ በስንዝር የሚያከራክር ነገር ቢመጣ፣ አባ መርሻ በሰንሰለት ለኩ፣ በመቋሚያ ለኩ፣ በክንዳቸው ለኩ፤ እስኪጨርሱ ድረስ የይርዳው ጺም አደገ። ሲፈርዱ ግን ሁለቱም ወገን እጅ ነሥቶ ተቀበለ። የመሃል ዳኛውም ፊሽካውን ኪሱ ከቶ ቆመ።

ጨዋታው አለቀ። ተሸነፍን። ምክትል ፕሬዚዳንቷ ወደ እኔ መጡ።

«አባ መርሻ ይርዳውን ለብቻው ምን እያሉት ነው?»

«ይግባኝ በል እያሉት ነው።»

ሳቃቸውን ዋጡት። ቡድኑ እንዲቀጥል ሰኞ ፈረሙ።

በቅርቡ ጡረታ ስወጣ ለተተኪዬ ያስረከብኩት ቃል ይኸው ነው፦ ሄልሜት ከማደልህ በፊት ሰንሰለቱን ለሽማግሌዎቹ ስጥ። ኳስም ሁለት ያዝ።