ሥራ አስኪያጁ ሽማግሌ ፍለጋ የመጣ ዕለት

አሶሳ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሰው ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ማወቅ አይፈልግም። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ስመጣ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ማንበብን ራሴን አስተማርኩ። ግንበኝነትን፣ መኪና መንዳትን፣ መብራት መዘርጋትን፣ ከቤርታ ጎረቤቶቼ ጋር በቋንቋቸው መከራከርን፣ ይህን ሁሉ ያሳየኝ ሰው የለም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የእንግዳ ማረፊያ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ያቆምኩት በገዛ እጄ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የምታወቀው በሽምግልናዬ ነው። የባልና ሚስት ጠብ፣ የድንበር ክርክር፣ የደም ነገር ሳይቀር እኔ ገብቼበት ሳይታረቅ የቀረ የለም። እዚህ ከተማ ሰው የበደለ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እኔ ነው።

የመጨረሻ ልጄ አብራሪ ናት። የማዕድን ሠራተኞችን ከአዲስ አበባ እያመጣች፣ አሶሳ አሳድራ በማለዳ ወደ ማዕድን ሰፈሮቹ በምታደርስ አንዲት ትንሽ የአየር ኩባንያ ውስጥ ረዳት አብራሪ ነበረች። የኩባንያው አብራሪዎች የሚያርፉት እኔ ቤት ነው። የካፒቴን ቦታ ሲለቀቅ ተራው የእሷ ነበር፤ የበረራ ሰዓቷ ሞልቷል፣ ፈተናዋንም አልፋለች። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ግን ሰዓቱ ያልሞላውን የእህቱን ልጅ አስቀመጠበት። ሲጠየቅ «መስፈርቱ ተሻሽሏል» አለ። በዚያ ላይ የአብራሪዎቹ ደመወዝ የሚታሰበው አየር ላይ ለቆዩበት ሰዓት ብቻ ነው፤ አሶሳ ሙቀት ውስጥ ተሳፋሪ ሲጠብቁ የሚውሉት ቀን እንደ ሥራ አይቆጠርም።

ልጄ በአብራሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነስታ ሁለቱንም ተናገረች። ሳምንት ሳይሞላ «ጠባይዋ ለሥራው አይመጥንም» ተብላ ተሰናበተች። ከቢሮው ስትወጣም ሥራ አስኪያጁ «አንቺ የሰፋሪ ልጅ፣ እዚህ መድረስሽም ይበዛብሻል» አላት። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም። አብሯት ይበር የነበረ አንድ ካፒቴን ነው፣ ቤቴ እራት ሲበላ።

አብራሪ ሳይበር ከቆየ ብቃቱ ይወርዳል። በጠባይ የተባረረን ደግሞ ሌላ ኩባንያ አይቀጥርም። ስለዚህ ልጄ የምታጣው አንድ ቦታ ብቻ አልነበረም፤ መብረሩን ራሱን ነው። ቤት ተቀመጠች። የአውሮፕላን ድምፅ በመጣ ቁጥር ከግቢው ተነስታ ወደ ውስጥ ትገባለች። ያንን ባየሁ ቁጥር ሰውየውን እንዴት አድርጌ እንደማንበረክከው አስባለሁ። ቂመኛ ነህ የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው።

መጀመሪያ የኩባንያውን ወኪል ጠርቼ «ልጄን እስክትመልሱ ቤቴ ለእናንተ ተዘግቷል» አልኩት። ቀጥዬ የከተማውን ማረፊያ ባለቤቶች አንድ በአንድ ዞርኩ። አንዱን ከወንድሙ፣ አንዱን ከሚስቱ ያስታረቅኩ ሰው ነኝ፤ እምቢ ያለኝ የለም። አብራሪዎቹ የሚያድሩበት ጠፋ። ማኅበሩም በደንቡ መሠረት ያላረፈ አብራሪ አይበርም ብሎ ጸና። የማለዳው በረራ ይቀር ጀመር፤ የማዕድን ኩባንያዎቹም ከአየር ኩባንያው ጋር ያለንን ውል እናፈርሳለን አሉ።

ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ። እኔን በዓይኑ አይቶኝ አያውቅም፤ ጉዳዩን ሁሉ የሚጨርሰው ወኪሉ ነበር። ከአውሮፕላን ወርዶ ባጃጅ ያዘና «አንድ ግትር የቤት ባለቤት አስቸግሮኛል። እዚህ አገር የሚሰማ ሽማግሌ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ባለባጃጁ እኔን ያውቃል፣ ጠቡንም ያውቃል። ትንፍሽ ሳይል ቀጥ አድርጎ መኖሪያ ቤቴ አመጣው። ኋላ እንደነገረኝ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሶ ነው የነዳው።

ከግቢዬ ማንጎ ሥር ከሁለት የሽምግልና ጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ነበር። አንዱ የቤርታ ሽማግሌ ነው፣ ሌላው ጡረታ የወጣ መምህር።

«አባቶቼ፣ ከአንድ ሰው ጋር እንድታስታርቁኝ ነው የመጣሁት» አለ።

«ከማን ጋር?» አልኩ።

«ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ጋር። አላውቀውም። ድርቅ ያለ ሽማግሌ ነው አሉኝ።»

የቤርታው ጓደኛዬ «ወላሂ፣ ሰውዬውን እኛ እናውቃል። ጭንቅላቱ ድንጋይ ነው» አለ በቤርታ አማርኛው። መምህሩ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ደንብ አለን» አልኩት። «በዳይ ጥፋቱን አንድም ሳያስቀር ካልነገረን አንነሳም። ሰው ፊት ቆመን ያልሰማነው ነገር ቢወጣ የምናፍረው እኛ ነን።»

«የሰውየውን ልጅ ከሥራ አሰናብቼ ነው።»

«ለምን?»

«ጠባይ።»

«እንግዲያው በሰላም ግባ። ውሸት ተሸክመን የሰው ደጅ አንሄድም።»

ተነሳ፤ መልሶ ተቀመጠ። «እሺ፤ የእህቴን ልጅ በቦታዋ አስቀመጥኩ። ሰዓቱ አልሞላም ነበር።»

«ልጅቱስ?» አለ የቤርታው ጓደኛዬ። «ጥሩ ይበራል?»

«ካሉኝ ሁሉ ትበልጣለች።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ፊቴን ግን አልፈታሁም። «ሌላስ?»

«ማኅበሩ ውስጥ ስለ ደመወዝ ተናገረች። ሌሎቹ እንዳይከተሏት ፈራሁ።»

«ሌላስ?»

ላቡን በመሐረብ ጠረገ። «የሰፋሪ ልጅ ብያታለሁ።»

«እስቲ ድገመው፤ ጆሮዬ ደከም ብሏል።» ጆሮዬ ምንም አልሆነም። ደገመው። ሦስተኛ ላስደግመው ስል መምህሩ ጉልበቴን ጫን አደረገኝ።

«በል ተነስ፣ እንሂድ» አልኩ። አራታችን በእግር ወደ ማረፊያው ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ከፈትኩ።

«ባለቤቱ አሉ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አለ። ሰፋሪው እኔ ነኝ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። የሚሸሽበት ባጃጅ ፍለጋ ወደ መንገዱ ዞሮ አየ፤ አንድም የለም። ያን ጊዜ ጓደኞቼ ዞረው ከእሱ ጎን ቆሙ፤ የሽምግልና ሥራቸው ነውና። «ስለ እኛ ብለህ» አለ መምህሩ። ሰውየው ደንቡን የሆነ ቦታ ሰምቶት ኖሯል፤ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላውን ሰው «ሽማግሌ አይመለስም» ስል የኖርኩ ነኝና እምቢ ማለት አልችልም። ቶሎ በል ያለኝ ግን የለም። የፈለግሁትን አንድ በአንድ እስክናገር ፀሐይ ላይ አቆየሁት። ለሁሉም «ይሁን» አለ።

ልጄ ወሬውን ሰምታ ከቤት መጣች። «አባዬ፣ በቃ!»

«አንቺን ሲያባርር በቃ ያለው አለ?»

ሄዳ ድንጋዩን ራሷ አነሳችለት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ያንን ለእኔ መተው ነበረባት።

እንግዲህ የሠራሁትን ልናገር። ልጄን ወደ ሥራዋ መለስኩ፤ እንደገና ተፈትና አልፋ ዛሬ ካፒቴን ናት። የእህቱን ልጅ ሰዓቱ እስኪሞላ ረዳት አደረግሁት፣ ያውም ከእሷ ሥር። አብራሪዎቹ መሬት ላይ ሲጠብቁ የሚውሉት ሰዓት እንዲከፈላቸው አደረግሁ። ማኅበሩ ውስጥ የሚናገር ሰው እንዳይነካ በሁለት ሽማግሌዎች ፊት አስማልኩት። የእህቱን ልጅ ነገር ራሱ በአፉ ለማኅበሩ ስብሰባ እንዲናገር አደረግሁ፤ ተናገረም። ይቅር ብዬሃለሁም አልኩት። ያልኩት ግን ስለ ጓደኞቼ ብዬ ነው፤ በልቤ አላልኩም፣ ልልም አላስብም።