ከስብከት መጽሐፍ ጀርባ የወጣችው ሴት

ነገሩ በጠቅላላ አምስት መቶ ስልሳ ዶላርና አንድ ደህና ደንበኛ አስከፍሎኛል። ያን ያህል ገንዘብ በሌላ ነገር ከስሬ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር። የከሰርኩት ግን በግጥም ነው። እኔ ደግሞ ግጥም ገዝቼ አላውቅም።

ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ ጠባብ ሱቅ አለኝ። ሰው ሲሞት፣ ሲፋታ ወይም ቤት ሲቀይር የሚተርፈውን ዕቃ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ወንበር፣ ሳህን፣ የግድግዳ ሰዓት፣ መጽሐፍ። ከሁሉም የሚያዋጣው መጽሐፍ ነው፤ የሚነበበው ግን አይደለም። እዚህ አገር ቤት ለሽያጭ ሲወጣ ባዶውን አያሳዩትም። ቤት አስዋቢ ትጠራለች፤ ሶፋ ታስገባለች፣ ስዕል ትሰቅላለች፣ መደርደሪያውን በአሮጌ የቆዳ መጽሐፍ ትሞላዋለች፤ ገዢው ሲገባ “እዚህ ቤት የተማረ ሰው ይኖር ነበር” እንዲል። ሙሉ መጽሐፍ ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ እኔ ርዕሱ ያለበትን ጠባብ ጀርባ ጀርባውን ብቻ በስለት ቆርጬ አወጣና ጣውላ ላይ በተርታ እለጥፈዋለሁ፤ ሰሌዳ እለዋለሁ። ከሩቅ ሲያዩት ቤተ መጻሕፍት ነው። የምሸጠው እንደ ጨርቅ በክንድ ነው። የቀረው ሆድ ዕቃው ወደ ወረቀት መጣያ ይሄዳል።

ቆዳው ተፋፍቆ ከሆነ በፈሳሽ የጫማ ቀለም አድሰዋለሁ። ልጅ ሆኜ መርካቶ ሊስትሮ ነበርኩ፤ ቡናማ ከቡናማ መምረጥ ለእኔ ትምህርት አይጠይቅም። በዚህች ዘዴ በጣም እኮራ ነበር። ከእኔ ሌላ የሚያውቃት ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከደንበኞቼ ሁሉ መጽሐፍ የሚከፍቱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ደንበኛ ማለቴ ለወጉ ነው፤ ገዝተው አያውቁም። አየርላንድ ተወልደው እዚህ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከሌክ ሲቲ ይመጣሉ፣ ያነባሉ፣ ይሄዳሉ።

“ይሄ ሱቅ እንጂ ላይብረሪ አይደለም” እላቸዋለሁ።

“ላይብረሪ ውስጥ እንዳንተ የሚሰድበኝ አላገኘሁም” ይሉኛል።

እኚህ ሰው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ከሁለት ሦስት መቶ ዓመት በፊት የአገራቸው ሰዎች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ግጥም። የጌቶቹን አይደለም። የሸማኔውን፣ የገረዷን፣ የቀን ሠራተኛውን። “እንግሊዞቹ የእኛ ሰው አይደለም ብለው ተዉት” ይላሉ። “የእኛዎቹ ደግሞ ቋንቋው የእኛ አይደለም ብለው ተዉት። መሃል ላይ ወድቆ ቀረ።” የእኔም ልጆች የሚጽፉት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነውና ይህን ሲሉ ሁልጊዜ ሥራዬን አቆማለሁ። ያገኙትን ግጥም በእጃቸው ደብተር ላይ ይገለብጣሉ። ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ማንበብ የሚችሉበት ጊዜ ብዙ እንዳልቀረ ሐኪም ነግሯቸዋል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ ቢያገኙ ደስ ይላቸው ነበር፦ ገበያ እየዋለች የኖረች፣ ስለ ገበያ በራሷ አፍ የገጠመች አንዲት ሴት።

“የገበያ ሴት ግጥም የምትጽፍበት ጊዜ የላትም” አልኳቸው። “እኔን እዩኝ።”

ባለፈው መኸር፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት ፌደራል ዌይ ከተማ አንድ ቤት ተጠርጎ ሲለቀቅ አራት ጥራዝ የስብከት መጽሐፍ ገዝቼ ነበር፤ አራቱም በአንድ እጅ የተጠረዙ፣ በጣም አሮጌ፣ በጣም አሰልቺ። አንደኛውንና ሁለተኛውን በጸደይ ቆርጬ ሸጫለሁ። ያን ቅዳሜ ሦስተኛውን እየቆረጥኩ ነው፤ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ናቸው።

የድሮ ጠራዦች ከቆዳው ሥር፣ የመጽሐፉ ጀርባ ላይ፣ ማጠንከሪያ ወረቀት ይለጥፋሉ። ንጹሕ ወረቀት ውድ ስለነበር ያገኙትን የተጣለ ህትመት ቆርጠው ነው የሚለጥፉት። ይህ ወረቀት ለእኔ ጣጣ ነው፤ ሲወፍር ጀርባው ጣውላው ላይ አልተኛም ይላል። ስለዚህ ወፍራሙን ልጬ እጥለዋለሁ፣ ቀጭኑን ከነወረቀቱ እለጥፈዋለሁ። የዚያን ቀኑ ሙሉውን አንድ ላይ ተነሣ። የሁለት ጣት ያህል ስፋት፣ የስንዝር ያህል ርዝመት። ሕትመት አለበት። ልጥለው እጄን ስዘረጋ ሽማግሌው ተቀበሉኝ።

ማጉያ መነጽራቸውን አወጡ። አነበቡ። እንደገና አነበቡ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ሳይሆን ለሽያጭ ያስቀመጥኩት ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

“ምነው? አመመዎት?” በእንግሊዝኛ አንቱ ባይኖርም በልቤ አንቱ ነው የምላቸው።

“ስምንት መስመር ነው” አሉ። “ግጥም ነው። ደብሊን ነው። አሮጌ ልብስ የምትሸጥ ሴት ነች።”

“ታዲያ?”

“ይህን አላውቀውም። አርባ ዓመት ፈልጌ አላየሁትም።” ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጉ። “ስማ።”

አነበቡልኝ፤ ያልገባኝን በቀላል እንግሊዝኛ ፈቱልኝ። ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት የምትሠራውን ትናገራለች። የአንድ ጥቁር ኮት ክርን ተበልቷል። ከምድጃው ጥላሸት ታነሣለች፣ በምራቋ ታርሰዋለች፣ ክርኑን ታሸዋለች፣ ወደ ብርሃን አዙራ ታየዋለች፣ አሁን የዳኛ ኮት ሆነ ትላለች።

እጄን አየሁ። ጣቶቼ እስከ አንጓቸው ቡናማ ናቸው። ፈሳሽ የጫማ ቀለሙ ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። በሕይወቴ ብዙ ሰው ነቅቶብኛል፤ ከሞተች ሁለት መቶ ምናምን ዓመት የሆናት ሴት ግን ነቅታብኝ አታውቅም ነበር። ሽማግሌውም ቀለሙን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ክዳኑን አንሥተው ገጠሙት።

አራተኛውን ጥራዝ አመጣሁ። ይህኛውን እሳቸው እርጥብ ጨርቅ እያስነኩ ሰዓት ሙሉ ፈጅተው ነው ያስነሡት። ሌላ ስምንት መስመር። ቀጣዩ ነው። ኮቱ ለአንድ የቢሮ ጸሐፊ ተሸጠ፤ ሰውየው ደስ ብሎት ሄደ፤ ዝናብ መጣ፤ ጥላሸቱ በእጅጌው ወርዶ ነጭ ሸሚዙን አበላሸው፤ ኮቱን አንጠልጥሎ ወደ እሷ ሲመለስ ከሩቅ አየችው። እዚህ ላይ ወረቀቱ አለቀ።

“ምን አለችው?” አልኩ።

“ጠራዡ አንድ ሙሉ ወረቀት ለአራት ጀርባ ቆራርጦታል” አሉ ሽማግሌው። “አራት ስምንት፣ ሠላሳ ሁለት መስመር ነው። ሁለቱ ጥራዞች የት አሉ?”

የሁለተኛው ወረቀት ቀጭን ስለነበር ከነወረቀቱ ተለጥፎ ተሸጧል። የአንደኛው ግን ሌላ ወረቀት ተደርቦበት ወፍራም ነበር። ትዝ አለኝ። እየተራገምኩ በጥፍሬ ነው የላጥኩት። ሕትመቱንም አይቻለሁ። ጥፍሬ ሥር የገባውን ወረቀት በክብሪት እንጨት አውጥቻለሁ።

“በዚህ ሥራ ስንት ዓመትህ ነው?” አሉኝ።

“አሥራ አንድ።”

ዞረው ወረቀት መጣያውን አዩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ጥራዝ ያለበትን ሰሌዳ የገዛችኝ ቤት አስዋቢ የአገሬ ልጅ ነች፤ ጎበዝ ሠራተኛ፣ በዓመት ስድስት ሰባት ሰሌዳ ትወስዳለች። ሰኞ ዕለት ዕቃዋን የምታከማችበት ስቶሬጅ ድረስ ሄድኩ። ነጭ ሶፋ በላስቲክ ስትጠቀልል አገኘኋት።

“ጋሼ! በሰላም ነው? አንተ ከሱቅህ ወጥተህ ታውቃለህ እንዴ?”

“ያን ቡናማውን ሰሌዳ ልወስደው ነበር።”

“ሸጠህልኛል እኮ።”

“መልሼ ልግዛው።”

መጠቅለሏን አቆመች። “በስንት?”

እዚህ ላይ “ሥራው አልጣመኝም፣ በሌላ ልቀይርልሽ ብዬ ነው” ማለት ነበረብኝ። ዕቃ ስትፈልግ ወደ ሌላ ዕቃ እያየህ ነው የምትጠይቀው፤ ይህን ለእሷም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። “የፈለግሽውን” አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ስሰማው ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ዞር አልኩ።

“ጋሼ፣ ምንድነው ውስጡ ያለው?”

“ግጥም።”

ሳቋን ለቀቀችው። “ኦኬ። ግጥም። ለእኔ አምስት ዶላር ቀንስ ስልህ ደምህ የሚፈላ ሰውዬ፣ ለግጥም!”

“ልብስ ሻጭ ሴት የጻፈችው ነው። መጨረሻው እሱ ውስጥ ነው።”

“ሶ፣ ስንት ያወጣል?”

“ምንም አያወጣም።”

“ምንም ካላወጣ ለምንድነው ያላበህ?”

ቦርሳዬን አወጣሁ። በመቶ ስልሳ የሸጥኩላትን በአራት መቶ ሰማንያ ሸጠችልኝ። በላዩ ላይ ምትክ ሰሌዳ በነጻ እንድሠራላት አስማለችኝ፤ ጣውላውና ዕቃው ሰማንያ ወሰደ። ከፈልኩ፣ ሰሌዳውን ተሸክሜ ወጣሁ፣ መኪናውን ራቅ አድርጌ ነበር ፓርክ ያደረግሁት። ዝናብ ነው። በሩን ልትይዝልኝ ተከትላኝ ነበር።

“ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው የሚንጠባጠበው?”

ቡናማ ውሃ በክርኔ በኩል ይወርዳል። ሸሚዜ ነጭ ነበር።

ጣቷን ነክራ አሸተተችው። “የጫማ ቀለም ነው! አንተ ሰውዬ፣ ስንት ሰሌዳ ነው የወሰድኩብህ? ባለፈው ወር የሰው ነጭ ግድግዳ አጥቤ አጥቤ የከሰርኩት ከዚህ ነው? ከጣሪያው ያፈሰሰ መስሎኝ ከባለቤቱ ጋር የተጣላሁት?”

ሰሌዳ ታቅፌ ዝናብ ላይ ቆሜ የማስበው ስለ ደንበኛዬ አልነበረም። ያቺ ሴት እዚህ ቦታ ላይ ቆማ ምን አለች ነው የምለው። አንድ ነገር ብላለች። ከእኔ ይልቅ አንደበት ነበራት። እኔ ያወጣሁት ቃል ይህ ነው፦

“ዝናብ ላይ ባታወጪው ጥሩ ነበር።”

ልጅቷ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ገብታ በሩን ከላይ ወደ ታች ለቀቀችው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም። ምትኩን ሰሌዳ በሰው ላኩላት፤ ተቀብላለች፣ አመሰግናለሁ አላለችም።

ሰሌዳውን በቀጥታ በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ወደ ሌክ ሲቲ ወሰድኩት። ሽማግሌው የኩሽና ጠረጴዛቸውን አጽድተው፣ ሁለት መብራት አብርተው፣ ደብተራቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። ቆዳው በቀላሉ ተነሣ። ወረቀቱ ግን አልተነሣም።

አንድ ጊዜ ጀርባዎቹ ረገፉ ተብዬ ተሰድቤ ነበር። ከዚያ በኋላ አናጢዎች ወለል የሚይዙበትን ማጣበቂያ መጠቀም ጀመርኩ። ሽማግሌው ወረቀቱን በውሃ፣ በእንፋሎት፣ በቀጭን ቢላዋ ሞከሩት። ማጣበቂያው የሕትመቱን ፊት ነክሶ ይዞታል። ሲነሣ ወረቀቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ቀለሙ ከእንጨቱ ጋር ይቀራል። በሥራዬ ጥራት እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም።

“ቀስ ይበሉ” አልኳቸው።

“ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እሞታለሁ” አሉኝ።

አምስት መስመር ዳነ። ጸሐፊው እየጮኸ ደረሰ። ዓሣ ሻጮቹ ዘንቢላቸውን ትተው ከበቡ። ዘበኛ መጣ። ሴትዮዋ የተሸከመችውን ልብስ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ ደረቅ ድንጋይ መርጣ አስቀመጠች። አምስተኛው መስመር ላይ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰውየውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና እንዲህ አለችው ይላል።

ከዚያ በታች እንጨት ነው።

እንጨቱን በማጉያው አየነው። መስኮት አጠገብ አየነው። እኔ አንድ ጊዜ በጥፍሬ ልሞክር ብዬ እጄን ሰደድኩ፤ ሽማግሌው ማንኪያ አንሥተው መቱኝ። ሦስት መስመር እዚያ ውስጥ አለ፣ ከሙጫው ጋር ድንጋይ ሆኖ። የሚቀጥለው ስምንት ደግሞ ልጬ የጣልኩት አንደኛው ጥራዝ ላይ ነበር።

ሽማግሌው ብዕራቸውን አንሥተው መገልበጥ ጀመሩ። አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ ምንም አይቀረው። አንድ መስመር ጽፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ያሳርፋሉ፣ ከዚያ ሌላ መስመር። ላንብብልዎት ብላቸው እምቢ አሉ። አምስቱን ሲጨርሱ ከሥሩ አሥራ አንድ ባዶ መስመር በማስመሪያ አሰመሩ።

የዝናቡን ጉድ ስገባ ነግሬያቸው ነበር። “ለልጅቷስ ምን አልካት?” አሉኝ ሳያዩኝ።

“ዝናብ ላይ ባታወጪው ጥሩ ነበር አልኳት።”

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደንግጬ ተነሣሁ፤ እየሳቁ ነው። ሲበቃቸው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ደብተሩንም ዘጉት።

ግጥሟ ሠላሳ ሁለት መስመር ነበር። ሃያ አንዱ አለ። አሥራ አንዱ የለም፤ መልሷ ያለው በሌለው ውስጥ ነው።