ከጎን የተነሣው ፎቶ

ሥራ በገባሁበት ዕለት ፎቶ ቤቱ ውስጥ የነበርነው አራት ነን፤ ባለቤቱ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ፎቶ አንሺው ይትባረክ፣ እኔና ያዘልኋት ልጄ። ዘመኑ ደርግ፣ ቦታው ባሕር ዳር ነው። ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም። ጋሽ ሙሉጌታ «እጅሽ ጠንቃቃ ከሆነ ይበቃል» ብለው ጨለማው ክፍል አስገቡኝ።

ሥራዬ ፎቶ ማጠብ ነበር። በቀይ መብራት ወረቀቱን መድኃኒት ውስጥ እነክራለሁ፤ ፊቱ ብቅ ሲል አውጥቼ፣ በውሃ አለቅልቄ ገመድ ላይ እሰቅላለሁ። አብዛኛው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው።

ይትባረክ የደቅ ደሴት ልጅ ነው። አባቱ ቄስና የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለነበሩ ቀለም እየፈጨላቸው አደገ። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ይውልና ታንኳ ቀዛፊውንም ዓሣ አጥማጁንም ከጎን ያነሣል።

«ምነው ሰውን ሁሉ አንድ ዓይና አደረግኸው?» አልሁት።

«አባቴ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይን ነው የሚሥሉት። እኔ ደግሞ ደግ ሰው ከጎኑ ሳየው ነው የሚያምረኝ። እሳቸውንም አንሥቻቸዋለሁ።»

«ምን አሉህ?»

«‹ሰይጣን አደረግኸኝ› ብለው ሳምንት አኮረፉኝ፣ እታለም።» ሳቅን።

በአምስተኛው ዓመት የቀበሌው ሊቀመንበር ለጉርድ ፎቶ መጣ። ተራ ሲጠብቅ ይትባረክ ከጎን አነሣው። «ይቺን ለእኔ እጠቢልኝ፤ ማንም አይያት» አለኝ።

ፎቶው አማረኝ። የበኩር ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሶ ስለነበር ሊቀመንበሩን ደስ ላሰኘው ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ መስኮቱ ላይ ሰቀልሁት።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ከሁለት ታጣቂ ጋር ገባ። «እኔን እንደ ይሁዳ አንድ ዓይና አድርጎ ለመንገደኛ ያሳየኝ ማነው?»

«ጓድ፣ ጥበብ ነው» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

«ጥበቡን እዚያ ያስረዳል። ማነው?»

«ያነሣው ይትባረክ ነው» አልሁ። የሰቀልሁት እኔ ነኝ አላልሁም። ይትባረክም የሰቀለችው እሷ ናት አላለም። ሲወስዱት ዞር ብሎ «እታለም፣ ወረቀቱ ውሃ ውስጥ እንዳይቆይ» ብቻ አለኝ።

ለሦስት ወር ስንቅ ይዤ እስር ቤት ተመላለስሁ። ከዚያ «እዚህ የለም» አሉኝ። ልጄንም በዓመቱ ወሰዱት፤ እሱስ በአንድ እግሩ ተመለሰ። ይትባረክ አልተመለሰም።

በዚህ ሥራ የተማርሁት ይህን ነው፤ የሰው ፎቶ ሳያስፈቅዱ አይሰቅሉም፤ ከሰቀሉም «እኔ ነኝ» ይላሉ።

ይትባረክን ከዚያ ወዲህ ያየ ወይም አብሮት የታሰረ ካለ፣ ይኑርም ይሙትም፣ እባካችሁ ንገሩኝ።