የአንድ ሰዓቱ ግጭት

የሺሀረግ ተቀምጣ መነሣት፣ ተነሥታ መቀመጥ ካበዛች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ስልኳን ታነሣለች፣ ታየዋለች፣ ታስቀምጠዋለች። ከኢንሹራንሱ የደወለ የለም። ደግሞ ግቢ ትወጣና ነጯን ቶዮታዋን ትዞራታለች። ጋባ በሚባለው የካምፓላ ሐይቅ ዳር ሰፈር፣ የዓሣው ገበያ መውጫ ላይ፣ አንድ ታክሲ ሳያይ ወደ ኋላ ሲመጣ የመኪናዋን አፍንጫ ጨፍልቆ ራዲያተሯን ቀዶት ሄደ። ሰው አልተጎዳም፤ ፖሊስም መጥቶ ጽፏል። ኢንሹራንሱ ግን «ገማቻችን ሳያያት እንዳትነካ» አለና ድምፁ ጠፋ።

«እትዬ የሺ፣ ዛሬም እየዞርሽ ልትባርኪያት ነው?» አለቻት ጎረቤቷ ራቢያ፣ ልብስ እያሰጣች።

«ተይኝ ራቢያ። ብነካት ካሳው ቀረ፤ ባልነካት እንጀራዬ ቀረ።»

የሺሀረግ የባሕር ዳር ልጅ ናት። አባቷ ጣና ላይ መረብ እየጣሉ አሳደጓት፤ የዓሣን ትኩስነት በስንጥቡ ቅላት መለየትንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በስደት ካምፓላ ከገባች ዐሥራ አንድ ዓመቷ። በየማለዳው ከጋባ ዓሣ ጭና ካባላጋላ ሰፈር ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ታደርሳለች። አሁን ግን ዘንቢል ታቅፋ፣ ቦዳ ከሚሉት ሞተር ብስክሌት ኋላ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ ላይ የቻለችውን ያህል ብቻ ነው የምታመጣው።

ማክሰኞ ዕለት የምግብ ቤቱ ባለቤት ከፍያለው ዘንቢሉን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«የሺ፣ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ጿሚው ሁሉ ዓሣ ነው የሚለኝ። ይሄ ለማን ይበቃል? እስከ ሰኞ መኪናሽ ካልተነሣች ሌላ ሰው መያዜ ነው።»

«ዐሥር ዓመት ሙሉ አምጥቼልህ፣ ሰውዬ?»

«ዐሥር ዓመት ስለሆነ እኮ ነው እስከ ሰኞ ያልኩሽ።»

በማግስቱ የኢንሹራንሱ ቢሮ ስትደርስ በሩ ገና አልተከፈተም። ሲከፈት ዘበኛው፣ እዚያ አገር ሴትን በአክብሮት ሲጠሩ እንደሚሉት፣ «ኛቦ፣ ይቀመጡ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው» አላት። ተቀመጠች። በር ሲንኳኳ ትነሣለች፤ ሲዘጋ ትቀመጣለች። በስተመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና ክፍት ካገኘችው በር ሰተት ብላ ገባች። ናካቶ የምትባል መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ጸሐፊ ቀና ብላ አየቻት፤ ሳትቆጣ ስሟን ጠየቀች፤ ፋይሉንም ከቁልል ሥር መዘዘችው።

«አደጋው ስንት ሰዓት ላይ ነው የደረሰው?»

«አንድ ሰዓት።»

«እሱ ነው ነገሩ። ፖሊስ ሰባት ይላል፤ እርስዎ ፎርሙ ላይ አንድ ብለዋል። አለቃዬ ‹ይጣራ› ብሎ አስቀመጠው።»

«ታዲያ ማን አጣራ?»

ናካቶ ፎርሙን አዙራ ወደ እሷ ገፋችው።

የሺሀረግ ነገሩ ገባት። አራተኛ ክፍል ሳለች መምህሯ ከካርቶን ቆርጠው የሠሩት ሰዓት ትዝ አላት። አጭሩን ዘንግ ቁጥር አንድ ላይ አቁመው «ፀሐይ ወጣች፤ ልጆች ተነሡ!» ይሉ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የፈረንጁን ሰዓት ሳትስት ኖራ፣ ያን ቀን ደንግጣ ስትጽፍ እጇ የጻፈው የካርቶኑን ሰዓት ነው!

«በእኛ አገር» አለች በእንግሊዝኛ እየተንተባተበች፣ «ፀሐይ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያው ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ነው። የእናንተ ሰባት።»

ናካቶ መነጽሯን ወደ ዐይኗ አወረደች፤ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

«ሳዋ ኤሙ! በእኛ ቋንቋ፣ በሉጋንዳም እኮ አንድ ሰዓት ነው! አያቴ እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የምትቆጥረው።»

«ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳዋ ኤሙ ያለ ሰው ጠፋ?»

«ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነዋ፣ ኛቦ።»

የሺሀረግ ስሕተቱን አርማ ፈረመች። ናካቶ ስልክ አንሥታ ገማቹን አነጋገረችና ዞር አለች።

«ነገ ይመጣል። ስንት ሰዓት ላይ ይሁን?»

የሺሀረግ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ፀሐይ ስትወጣ ይምጣ።»

ገማቹ የመጣው ረፋድ ላይ ነው፤ እሷ ግን ከንጋት ጀምራ የግቢውን በር ስትከፍትና ስትዘጋ ነበር። ፎቶ አነሣ፣ ፈረመ፣ «ይሠራ» አለ። ቅዳሜ ማታ ራዲያተሩ ተቀየረ፤ አፍንጫዋን ለማቃናትና ለቀለም ግን ጊዜ አልነበረም።

ሰኞ በአንድ ሰዓት ቶዮታዋ ከፍያለው በር ላይ ቆመች። እሱም ወጥቶ ዞራት።

«አፍንጫዋ እንደ ተጨፈለቀ አይደለም እንዴ?»

«ዓሣው አልተጨፈለቀም» አለችው የሺሀረግ፣ የኋላውን በር እየከፈተች። «ና አውርድ።»