አቧራ የሚያጥብ ወተት

አባቴ ጎንደር ውስጥ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ማታ ከሥራ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር ግራጫ ሆኖ ነው። እናቴ ደጅ ላይ ልብሱን ታራግፍለትና ትኩስ ወተት በትልቅ ኩባያ ትሰጠዋለች። ጠራቢዎች ሁሉ «ወተት አቧራ ያጥባል» ይላሉ፤ እሷም እንደ ሃይማኖት ይዛዋለች።

እኛ ልጆች ከኩባያው ስር ቆመን ጉሮሮው ሲወርድና ሲወጣ እናያለን። ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፤ የእኛዋ ግን እዚያው ጓሮ ታስራ ነበር። ጾም ሲገባ አባቴ ወደ ተልባ ስለሚዞር ወተቱ ለጾም ላልደረስነው ይተርፋል። የሁዳዴን መግባት እንደ እኛ የሚናፍቅ ልጅ በሰፈሩ አልነበረም። ያ የድንጋይ አቧራና የትኩስ ወተት ሽታ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ኋላ እኔ እዚያው ጎንደር ማራኪ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ ስሠራ፣ አባቴ ሊጠይቀኝ ሲመጣ የሰፈሩን ትንሽ ዳገት መውጣት አቃተው። ሳሉም አልለቅ አለው። በግድ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የሳንባውን ፎቶ እያሳየ ቀስ ብሎ አስረዳው።

«አባቴ፣ ሳንባ ውስጥ የገባ ቆሻሻን እየዋጡ የሚያጸዱ ሴሎች አሉ። የድንጋይ ብናኝ ግን አይፈጭላቸውም። ውጠውት ይሞታሉ፤ ሲሞቱ ብናኙ ይወጣና ሌላው ይውጠዋል። የሳንባው ግድግዳ እየቆሰለ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ አየር አያሳልፍም።»

«እኔ ድንጋይ ስጠርብ እነሱ ድንጋይ ሲውጡ ኖርን በለኛ» አለ አባቴ። ቀጥሎ ግን ድምፁ ወረደ። «ምነው ልጄ፣ ወተት እኮ አቋርጬ አላውቅም።»

«ወተቱ ሆድ ነው የሚገባው። ሳንባ አይደርስም።»

«የገባውስ ይወጣል?»

«አይወጣም። ሌላ እንዳይጨመር ብቻ ሥራውን ይተዉ።»

አባቴ ኮፍያውን አድርጎ ተነሣ። በባጃጅ ወደ ቤቱ ይዤው ሄድኩ። እኔ ለእናቴ ምን እንደምላት ጨንቆኝ ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን ከልጆቿ አፍ ነጥቃ ነው ያጠጣችው።

ደጅ ቆማ ጠበቀችን።

«ምን አሉህ?»

«ሥራ ተው አሉኝ» አለ አባቴ፤ ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። «እስካሁን ያቆየህ ወተቱ ነው አሉኝ።»

እናቴ ፊቷ በራ። «እኔስ ምን ስልህ ኖርሁ» አለችው።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ የምታወራው ይህንኑ ነው። እኔም አላርማትም።