ጄሶው የተነሳ ዕለት የዋሸሁት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን እየተናዘዝኩ እዚህ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። ለእናንተ የምጽፈው ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ታናሽ እህቴ ሂሩት ከአዲስ አበባ መጥታ ስቶክሆልም፣ ስፖንጋ ሰፈር፣ እኔ ቤት ተቀመጠች። ሁለታችንም የአባታችንን አፍንጫ ወርሰናል፤ መሃሉ ጉብ ያለ፣ ጫፉ ወደ ታች ያቀረቀረ። እርሷ ግን በዚያ አፍንጫም ቆንጆ ነበረች። ሰው ከእኔ ጋር እያወራ የሚያየው እርሷን ነው። እኔ የነበረኝ ንባቤና ዘግይቼ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ መዝገበ ቃላት ታቅፌ የተማርኩት ስዊድንኛ ነበር። ታዲያ «አፍንጫዬን በቀዶ ጥገና አስተካክላለሁ» ስትል ምን ተሰማኝ? ቅናት። ሌላ ስም አልሰጠውም።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ጎደለሽ?» አልኳት።

«እታለም፣ የአባባ አፍንጫ ለአባባ ነው ያማረው። ከጢም ጋር ነው የሚሄደው» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። አፍንጫው እኔም ፊት ላይ እንዳለ የረሳችው መሰለኝ።

እኛ ዘንድ ቀድሞ የመጣ ለኋለኛው ይተረጉማል፤ ቶልክ የሚሉትን እንግዳ አስተርጓሚ አምኖ ገመናውን የሚያወራ የለም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙ ያለውን አንዲት ቃል ሳልጥል ነገርኳት፤ ዓይኗ ሥር እንደሚበልዝ፣ በአፏ እንደምትተነፍስ፣ ትራሷን ከፍ አድርጋ እንደምትተኛ፣ የአፍንጫዋ ጫፍ ለጊዜው እንደሚደነዝዝ። ስለ ቅርጹ ጄሶው ሲነሳ እንነጋገራለን አለ።

ጄሶው ተነሳ። አፍንጫዋ አብጦ፣ ሰፍቶ ነበር። መስታወቱን ይዛ «እንዲህ ሆኖ ነው የሚቀረው?» አለችኝ። ጠየቅሁላት። ሐኪሙ አብዛኛው እብጠት በሳምንታት እንደሚጎድል፣ ጫፉ እስኪረጋ ግን ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል፣ አሁን አይቶ መፍረድ እንደማይቻል አስረዳኝ። ወደ እርሷ ዞርኩና «የሚጎድለው ጎድሏል ይላል። ቅርጹ ይኸው ነው» አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም። ከእብጠቱ ሥር ጉብታው እንደሌለ አየሁ። የሚመጣውን ፊት አየሁት፤ ያምር ነበር። የአባታችን አፍንጫ ለእኔ ብቻ ቀረ።

በዚያው ሰሞን በስልክ ሲያወራት የከረመ ሰው ከጎተንበርግ ሊያያት ሊመጣ ነበር። ቀኑን እንደ ዓመት በዓል ነው የጠበቀችው። «በዚህ ፊት?» አለችና አትምጣ አለችው። አፍራ ምክንያቱን አልነገረችውም፤ እርሱም የጠላችው መሰለው። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞራ ስትተኛ፣ እኔ አጠገቧ መጽሐፌን እገልጥ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። እርሱም ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። አልሰጠኋትም።

እብጠቱ ሲወርድ ሰውየው ሌላ አጭቶ ነበር። ሂሩት መስታወት ፊት ቆማ «ሐኪሙ ተሳስቶ ነበር ማለት ነው» አለች።

«ሐኪምም ይሳሳታል» አልኳት። ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው፤ ከመጀመሪያው የሚከፋውም ይመስለኛል።

ቅናት አሳወረኝ እንዳልል፣ እንደዚያ ቀን አጥርቼ አይቼ አላውቅም። ብቸኛ ነበርኩ እንዳልል፣ እርሷስ ማን ነበራት? ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ለእናንተ መጻፌም ለእርሷ መንገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዛሬም ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራት፣ ቶልክ እንጥራልሽ ወይ ሲሏት፣ «እህቴ ትበቃኛለች» ትላለች። እኔም ኮቴን ለብሼ እከተላታለሁ።